ፍሬኑን በዋግምት መሳቢያ ያስተነፈስን ዕለት

ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ገና ሲገባ። ጅማ ላይ ዝናቡ ጠዋት ጠዋት ይመጣና ከሰዓት በኋላ ፋታ ይሰጥ ነበር። በዚያ ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ሚኒባሶቹ ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ይውሉ ስለነበር ከከተማ መውጣት ለሰው ሁሉ ጭንቅ ሆኗል። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። ሚኒባስ እንደ ልብ ቢገኝ ኖሮ የምነግራችሁ ነገር ባልሆነ ነበር።

ዘሃራ እባላለሁ። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ሥራዬ ዋግምት ነው፤ እኛ ሒጃማ እንለዋለን። ለሴቶች ብቻ ነው የምሠራው። ወገቧን ያመማት፣ ራሷን የከበዳት፣ ትከሻዋ አልታዘዝ ያላት ትመጣለች። የፕላስቲክ ኩባያውን ጀርባዋ ላይ አስቀምጬ ሽጉጥ በመሰለች የእጅ መሳቢያ አየሩን ስስበው ኩባያው ገላዋን ይይዛል። ፈውሱ ከአላህ ነው። የእኔ ድርሻ እጄን መታጠብና ኩባያውን በደንብ ማስያዝ ነው።

ቤት ውስጥ ሁለት ነን፤ እኔና ልጄ ሐያት። ሐያት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ከድር ሾፌር ነበር፤ ለቡና ነጋዴ የጭነት መኪና እየነዳ ከሸቤና ከዚያ ወዲያ ካሉት መንደሮች ቡና ወደ ጅማ ያመላልስ ነበር። ሲሞት ለእኛ የተወልን አንድ አሮጌ ዲኤክስ ነው። ያችን መኪና እሁድ እሁድ ሲፈታና ሲገጥም ሐያት አጠገቡ ተጋድማ ነው ያደገችው። ሌላው ልጅ አሻንጉሊት ሲይዝ እሷ ቡሎን ትይዝ ነበር።

ሐያትን አልወለድኳትም። ይህን ገና ፊደል ሳትለይ ነግሬያታለሁ። እኔና ከድር ተጋብተን ብዙ ዓመት ልጅ አላገኘንም። የወለደቻት ፋጤ ትባላለች። ከሸቤ አልፎ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ መውረድ ሲጀምር፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለች መንደር ናት አገሯ። ባሏ የቡና መጋዘን ጥበቃ ነበር፤ ሐያት በሆዷ ሳለች ሞተባት። ከድር ቡና ሊጭን ሲመላለስ ያውቃቸው ነበርና ሽማግሌዎች መሐል ገብተው ልጅቷ በጉዲፈቻ ወደ እኛ መጣች። ፋጤ ስታስታቅፈኝ አላለቀሰችም። «እኔ እየመጣሁ አላውካትም። አንድ ልብ ይኑራት» አለችኝ።

ቃሏን ጠበቀች። አንድም ቀን ደጃችን አልመጣችም። ለዚህ ውለታዋ በየሶላቴ ዱዓ አደርግላት ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ባለመምጣቷም ደስ ይለኝ ነበር። ሐያት ስለ እሷ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም አላነሳሁባትም።

ያን እሁድ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። የኋላ ቀኙ ጎማ ጋ የፍሬን ዘይት ያፈስ ስለነበር ሐያት ጠዋት ፈትታ ላስቲኩን ቀይራዋለች። መቀየሩን ቀይራዋለች፤ ግን ሲፈታ መስመሩ ውስጥ አየር ገባ። አየር የገባበት ፍሬን ሲረገጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ መኪናውን አይዝም። ገብታ ረገጠችውና ፊቷን አጨማደደች።

«እንደ እርጎ ነው» አለችኝ።

ዙህርን ሰግጄ ስወጣ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው ቀይ ጭቃ የለበሰ ሰው ቆሟል። ከመናገሩ በፊት አወቅሁት። ቅንድቦቹ መሐል ላይ ሊገናኙ ትንሽ ነው የቀራቸው። እንደዚያ ያለ ቅንድብ በየቀኑ አያለሁ፤ የሐያት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም አዴ። አዴ ዘሃራ እርስዎ ነዎት?» አለኝ፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው።

«ወአለይኩም ሰላም። ነኝ።»

«ረዛቅ እባላለሁ። የፋጤ ልጅ ነኝ። እናቴ ልካኝ ነው።»

አስገባሁት። ምግብ አቀረብኩለት፤ ሁለት ጎርሶ ተወው። የመጣው በጭነት መኪና ነው፤ ጋቢናው ሞልቶ ከላይ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ። መኪናው ከከተማው ወደ ቦንጋ መውጫ ላይ ስለሚጠብቀው መቆየት አይችልም። ሐያት እጇ ዘይት እንደሆነ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ ታየዋለች። እሱ ደግሞ እሷን እንዳያይ መሬት መሬት ያያል።

«እናቴ ታማለች» አለ። «ሐኪም ቤት አስገብተናት ነበር። ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው። ልጅቷ አፉ ትበለኝ ነው የምትለው።»

በእኛ ዘንድ ሰው ሩቅ መንገድ ሲያስብ፣ ለሐጅም ይሁን ወደማይመለስበት፣ ያስቀየመውን ሁሉ «አፉ በሉኝ» ይላል። የሚቀድመው ስንቅ ይህ ይቅርታ ነው። ቢቻል ፊት ለፊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው።

ሐያት፣ «ምን አድርጋኝ ነው አፉ የምላት?» አለች።

«እኔ እንጃ። እሷ ታውቃለች።»

«በስልክ ብላትስ?»

«ስልክ ስንሰጣት ታለቅሳለች፤ ቃል አይወጣትም። ሞክረናል።» ከዚያ ክሪክ ላይ የቆመችውን መኪና አየት አድርጎ፣ «እሷም ታማለች እንዴ?» አለ።

«ፍሬን የላትም።»

«እሱ ወደ እኛ ለመውረድ ጥሩ ነው። ቶሎ ትደርሻለሽ» አለና ፈገግ አለ። ሐያትም ሳታስበው ሳቀች። ሁለቱ አንድ ዓይነት አሳሳቅ ሲስቁ ሳይ የተወውን ምግብ ላነሳ ተነሳሁ።

ረዛቅ ሲወጣ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ከለከልኩት። በሩን ዘግቼ ስመለስ ሐያት ጎማው ሥር ቁጭ ብላለች።

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለች።

«በምን?»

«በዚችው። ታንከሯ ውስጥ ሸቤን አልፎ እዚያ አድርሶ የሚመልስ ነዳጅ አለ። ፍሬኗን ካስተካከልኩ እሄዳለሁ።»

«በሌላ ሳምንት ሚኒባስ ሲገኝ ብትሄጂስ ልጄ?»

«እማ፣ ወደ ቤት ውሰዷት የተባለች ሰው ሌላ ሳምንት አላት?»

እኔን ያስፈራኝ መንገዱ ብቻ አልነበረም። ያ ቁልቁለት ፍሬን ለሌለው መኪና ሞት ነው፤ እሱን መፍራት የማንም እናት ነው። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነበር። ልጄ ሄዳ የራሷን ፊት የያዘች ሴት ልታይ ነው። የራሷን ቅንድብ፣ የራሷን ሳቅ። ከዚያ በኋላ እኔን ስታይ ምን ታያለች? ይህን ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴን ነበር የጠየቅሁት።

ሐያት ለመካኒካችን ለታጁ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው እኔም እሰማለሁ።

«ሐያትዬ፣ አሰንዳቦ ለቅሶ ላይ ነኝ፤ ቶሎ በይ» አለ።

«አየር ገብቶበታል። እማ እየረገጠችልኝ ላስወጣው?»

«ኧረ አይሆንም፤ የእናትሽን ጉልበት ተዪው። ደግሞ ያ የፍሬን ፓምፕሽ ሽማግሌ ነው። እስከ ታች ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ውስጡ ያለው ላስቲክ ይቀደድና ጭራሽ ይሰናበታችኋል። ጎማው ጋ በመሳቢያ ስበሽ አስተንፍሺው። ሱቃችሁ አለ አይደል?»

«ሱቁ ዝግ ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል።»

«እንግዲያው ነገ ማታ እስክመጣ ጠብቂኝ።»

«ነገ ማታ አይሆንም ታጁ።»

«እንግዲያው አላህ ያሳይሽ» አለና ለቅሶው ውስጥ ድምፁ ጠፋ።

ሐያት ስልኩን አስቀምጣ ዓይኗን ወደ ቤት መለሰች። በመስኮቱ የሥራ ክፍሌ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ ኩባያዎቼና መሳቢያዋ በነጭ ፎጣ ላይ ተደርድረዋል።

«እማ፣ ያቺ ሽጉጥሽ ምን ያህል ትስባለች?»

«የሰው ገላ ትስባለች።»

«ዘይትስ?»

«ሐያት፣ እሷ የሴቶች ገላ የምትነካ ዕቃ ናት።»

«ዘይት አይነካትም። መሐል ላይ ጠርሙስ አስገባለሁ። ዘይቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል፤ አንቺ ጋ የሚደርሰው አየር ብቻ ነው። ወላሂ።»

«አትማይ።»

«ማሎ እማ።»

ማሎ እባክሽ ማለት ነው፤ የኦሮምኛ ነው። ሐያት ማሎ ስትል እምቢ ማለት አልችልም። አባቷም አይችልም ነበር። መሳቢያዋን አምጥቼ ሰጠኋት።

የማርማላታ ጠርሙስ አጠበች። ምስማር በእሳት አግላ ክዳኑን ሁለት ቦታ በሳችው። ለግሉኮስ የሚያገለግለውን ዓይነት ቀጭን ቱቦ ከቤት ነበረን፤ ከሁለት ቆርጣ በቀዳዳዎቹ አስገባችና ዙሪያውን ሻማ አንጠባጥባ ደፈነችው። አንደኛው ቱቦ ወደ ጎማው ይሄዳል፤ ሌላው ወደ እኔ መሳቢያ። ሲያልቅ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ጎረቤት ቢያየን ምን ይላል?» አልኳት።

«መኪናዋ ወገቧን አሟት ነው እንላለን።»

ካርቶን አንጥፋ ጎማው ሥር ተጋደመች። እኔ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከፍሬኑ ጀርባ አየር የሚወጣባት ትንሽ ቡሎን አለች፤ መሐሏ ክፍት ነው። ቱቦውን እሷ ላይ ሰካችው። «ቢስሚላህ» አልኩና መሳብ ጀመርኩ።

«ሳቢ» ትለኛለች፤ እስባለሁ። ቡሎኗን ትንሽ ትፈታለች፤ ዘይቱ ይንቀሳቀሳል። «ያዢ» ትለኛለች፤ እይዛለሁ። ታጠብቃታለች። ከዚያ ትነሳና ፊት ለፊት ያለውን የዘይት ዕቃ ሞልታ ትመለሳለች፤ እሱ ከጎደለ ደግሞ ከላይ ሌላ አየር ይገባል። እንደገና ሳቢ፣ ያዢ። መጀመሪያ የወጣው ዘይት ብዙ እንደፈላ ሻይ የጠቆረ ነው። በቱቦው ውስጥ ምስር ምስር የሚያክል አረፋ ይመጣል። እያንዳንዱ ሲያልፍ ሐያት «ውጣ፣ ውጣ» ትለዋለች።

ቀጥሎ አረፋው ደቀቀ። እንደ ጤፍ ሆነ። ግን አላቋረጠም። ዘይቱ እየጠራ መጣ፤ አረፋው እንዳለ ነው። ጠርሙሱን ደፋች፤ እንደገና ሳብን። ዘይት ጨመረች፤ እንደገና ሳብን። ክንዴ ዛለ። ገብታ ፔዳሉን በእጇ ጫን ስታደርገው ዝም ብሎ ወረደ።

ያኔ ነው ያወቅሁት።

ላስረዳችሁ። ኩባያ ጠባሳ ያለበት ወይም የደረቀ ገላ ላይ ሲያርፍ ከንፈሩ በደንብ አይገጥምም። በዚያች ስንጥቅ አየር ይሰርቃል። ያን ጊዜ መሳቢያዋ እጄ ላይ ትላላለች፤ ስስባት ትታዘዘኝና ወዲያው ትመለሳለች። ልክ እንደዚያ ነበር እጄ ላይ የምትሆነው። አረፋውንም ልብ ብዬ ሳየው ከሩቅ አይመጣም። ቱቦው ከቡሎኗ ጋር ከተገናኘበት ጀምሮ ነው፤ ደቃቅ፣ አንድ ዓይነት፣ የማያቋርጥ። ከመኪናው ሆድ የሚመጣ አየር እንደዚህ አይደለም፤ መጥቶ ያልቃል። ይህ ከውጭ ነው የሚገባው፣ በላላችው ቡሎን ጥርስ በኩል። የመሳቢያዋ ጉልበት ሁሉ የግቢያችንን አየር በመሳብ ያልቃል፤ እውስጥ ያለው ንቅንቅ አላለም። መድኃኒቱም ቀላል ነው። እኔ ለገላ ቫዝሊን እቀባለሁ።

አፌን ከፈትኩ።

ሐያት ቀድማኝ፣ «በቃ እማ» አለች። ካርቶኑ ላይ ተነስታ ተቀመጠች። «አየር ከላይ እየሳበ ነው። ዋናው ፓምፕ አልቆለታል ማለት ነው። ዛሬ እሁድ ከየት አመጣለሁ?» ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ጣል አላደረገችውም፤ በቀስታ ነው ያስቀመጠችው። «አልተጻፈልኝም ማለት ነው።»

አፌን ዘጋሁት።

ምንም አላደረግሁም። ዝም ነው ያልኩት። መኪናዋ አልሠራ ካለች ልጄ ቁልቁለቱን አትወርድም። ልጄ ካልወረደች እንደ ትናንቱ ነን። ከለከለች አልባልም፤ ሂጂም አላልኩ። አላህ ያልፈቀደው ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሐያት ሁለት ጉልበቷን አቅፋ ጭቃውን ታያለች። ጉንጯ ላይ ዘይት አለ። አላለቀሰችም፤ እሷን ስታስታቅፈኝ እንዳላለቀሰችው ሴት።

የአስር አዛን ተሰማ።

«ልስገድ» ብዬ ተነሳሁ።

ውዱእ ለማድረግ ውሃ ቀዳሁ። እጄ በዘይት ተለውሷል። ቆዳ ላይ ዘይት ካለ ውሃው ከገላ አይደርስም፤ ውዱኡም አይሆንም። በሳሙና አጠብኩት፤ አልለቅ አለ። በአመድ አሸሁት፤ እንደገና በሳሙና። ውሃው እንደ ዶቃ እየሆነ ከእጄ ላይ ሲንከባለል እያየሁ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ ለቀቀኝ።

ሰገድኩ። በሱጁድ ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ ሁልጊዜ ለፋጤ የማደርገውን ዱዓ ልል ስል አልወጣ አለኝ። ሃያ ዓመት ያለፈው ዱዓ ነው፤ እንደ ስሜ የማውቀው። ምላሴ ላይ ቆመ። አላህ ይዘንላት የምላት ሴት አንድ ነገር ብቻ ጠይቃለች፤ እሱን እኔ ይዤዋለሁ። ልጅቷ አማና ናት፤ አደራ። አደራ ደግሞ የሰጪው መብት አለበት። እዚያው እንደተደፋሁ ቆየሁ። አሰላምቼ ሶላቴን ስጨርስ ልቤ ቀልሎ ነበር አልልም። ግን እግሬ ወደ ግቢው ሄደ።

ሐያት ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምራለች።

«ቡሎኗ ናት» አልኳት።

«ምን?»

«አየሩ ከውስጥ አይደለም የሚመጣው። በቡሎኗ ዙሪያ ነው የሚገባው። ኩባያ ሲሰርቅ እንደዚህ ነው። ዙሪያዋን ቫዝሊን ቀቢያት።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተጋደመችና በስልኳ መብራት ቡሎኗን ተመለከተች። «ቫዝሊን ውስጥ ከገባ ላስቲኩን ያበላሻል» አለች ከሥር። «ግሪስ አለኝ። ከውጭ ብቻ፣ አንገቷ ላይ።» በጣቷ ወፈር አድርጋ ዙሪያዋን ለቀለቀቻት።

«መቼ ነው ያየሽው እማ?»

ፊቷ አይታየኝም። እግሯ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«ቅድም።»

«ቅድም መቼ?»

«ከሶላት በፊት።»

ከጣሪያው ላይ የጠዋቱ ዝናብ ይንጠባጠባል።

«ብሄድ የማልመለስ መሰለሽ?»

«መሰለኝ።»

ቁልፉን ቡሎኗ ላይ ስትገጥም ይሰማኛል። ከመኪናው ሥር፣ «እና ከዚህ ቤት ብሄድ መኪናዬን ማን ይስብልኛል?» አለች። «በይ ሳቢ።»

ሳብኩ። መሳቢያዋ እጄ ላይ ጠጠረች፤ ኩባያ በደንብ ሲይዝ እንደምትጠጥረው። «ያዢ» አለች። ያዝኩ። ቱቦው ውስጥ ዘይቱ ብቻውን መጣ፤ ጠርቶ፣ ማር መስሎ። ጤፍ የመሰለው አረፋ ጠፍቷል። ሁለታችንም ቱቦውን እናያለን። ከዚያ አንድ ትልቅ አረፋ፣ ባቄላ የሚያክል፣ ቀስ እያለ በቱቦው ወጣና ጠርሙሱ ውስጥ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ተደብቆ የነበረው እሱ ነው። ከኋላው ሌላ አንድ ትንሽ መጣ። ከዚያ ምንም።

ሐያት ቡሎኗን አጠበቀች። ገብታ ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች። አልወረደም። እግሯን አንስታ ደግማ ረገጠች። ቆመ። መሪው ላይ ግንባሯን አሳረፈች።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ጎማውን አስራ ክሪኩን አወረደች። መኪናዋን አስነስታ ግቢው ውስጥ ወደፊት፣ ወደኋላ አደረገቻት፤ ከዚያ በሩን ከፍቼላት ወደ መንገዱ ወጣች። እስከ ጥጉ ሄዳ ስትመለስ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፊቴ ደርሳ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ቀጥ አለች።

ወርዳ መጣች። እጇ ዘይት ስለሆነ ልብሴን እንዳትነካ ወደ ኋላ ይዛው ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አደረገች። እንደዚያ ቆምን።

«ምን ዓይነት ሴት ናት?» አለችኝ።

ያን ጥያቄ ስፈራው ነው የኖርኩት። ሲመጣ ግን ከባድ አልነበረም። በረንዳው ላይ ተቀምጠን መግሪብ እስኪደርስ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ያቀበለችኝ ዕለት የለበሰችውን፣ የተናገረችውን፣ ከድር መኪናውን ሲያስነሳ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳያት መንገዱ ዳር እንደቆመች፣ መታጠፊያው እስኪሸፍነን አለመንቀሳቀሷን። ሐያት አንዴም አላቋረጠችኝም።

ይህን ከጻፍኩላችሁ በኋላ አንዳንዶቻችሁ ምን ትልቅ ነገር አለው ትሉ ይሆናል። ያቺ የዝምታ ጊዜ አጭር ናት፤ ከአዛኑ ጥቂት ቀደም ብሎ እስከ ሶላቱ ማብቂያ። ማንም አያውቅብኝም ነበር። መኪና እኮ ስትበላሽ ትበላሻለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን በሌላ ዓይን ነው የማየው። ልጄን የምወዳት ስለሆነ ብቻ የማደርግላት ሁሉ ለእሷ የሚበጅ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ገባኝ። አንዳንዱ ለእኔ ነበር። እናንተም ልጅ ያላችሁ፣ የወለዳችሁትም ሆነ እንደ እኔ በአደራ የተቀበላችሁት፣ ዝም ስትሉ ዝምታው ለማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚህ ሌላ የምመክረው የለኝም።

ፋጤ ያን ክረምት አለፈችው። መስከረምን አየች፤ ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅም ቆየች። ሐያት ነዳጅ ባገኘች ቁጥር ትወርድ ነበር፤ ተመልሳም ትመጣ ነበር። አሁን ወንድም አላት፤ ረዛቅ ለገበያ ጅማ ሲመጣ እኛ ቤት ነው የሚያድረው። መሳቢያዬም ደህና ናት፤ ዘይት አልነካትም። ታጁ ነገሩን ለሰፈሩ ሁሉ ስላወራው ለሒጃማ የሚመጡት ሴቶች፣ «ለዲኤክሷ ያደረግሽላትን ለእኔም አድርጊልኝ» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም እስቃለሁ። የአላህ ውለታ ብዙ ነው፤ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ፍሬኑን ባስተነፈስን በማግስቱ ጠዋት ሱብሂን ሰግደን ተነሳን። እኔ ለመሄድ አላሰብኩም ነበር፤ የእናትና የልጅ ነገር ነው ብዬ። ሐያት የጎን በሩን ከፍታ ቆማ ጠበቀችኝ። ነጠላዬን ደርቤ ገባሁ። ሸቤን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ዱዓዬን አደረግሁ። ሐያት በየመታጠፊያው እግሯን ታሳርፋለች፤ መኪናዋ ትታዘዛታለች። ረዛቅ መንገድ ዳር ወጥቶ ቆሞ ነበር።

ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሐያት እጄን ያዘች። እስከ በሩ አደረስኳትና እጇን ለቀቅሁት። «ግቢ ልጄ» አልኳት። ገባች። እኔ ውጭ ግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ በኩል ጭጋጉ ከቡናው ዛፍ ላይ እየተነሳ ነው። ውስጥ የሚሉትን ላለመስማት ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ አላህን እያወሳሁ ዚክር አደርጋለሁ። ቢሆንም «አፉ» የሚለውን ቃል ሰማሁት፤ አንዴ በደከመ ድምፅ፣ አንዴ በልጄ ድምፅ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ለቅሶ ብቻ ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ ያ የደከመው ድምፅ በኦሮምኛ፣ «ዘሃራንስ ሃ ሴንቱ» አለ። ዘሃራም ትግባ ማለት ነው።

ተነሳሁ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።